ቀድሞ የሚሄደው ቀይ ነው

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የታፔላ ታሪክ ልነግራችሁ ነው። አንድ ሥጋ ቤት አለ፣ አጠገቡ አንድ ጁስ ቤት አለ፣ የሁለቱን ታፔላ ያተመች አንዲት ልጅ አለች። አገሩ አዲስ አበባ ነው። ሰፈሩን አልጠራም፤ የሥጋ ቤቱ ባለቤት በሰፈራቸው የታወቁና የተከበሩ ሰው ስለሆኑ ስማቸውን ለራሳቸው እተውላቸዋለሁ። ጋሼ እንበላቸው።

ጋሼ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠሩበት አሮጌው ቤት በር ላይ በእጅ የተጻፈ ታፔላ ነበራቸው። ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ ታስታውሳላችሁ፤ ያን ጊዜ ታፔላ የሚጽፍ ባለሙያ ነበር። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል፣ አንቲረስት ይቀባዋል፣ ሲደርቅ ነጩን ይደርባል፣ ከዚያ በእርሳስ መስመር አስምሮ ፊደሉን በዘይት ቀለም ይጽፋል። አንዱ ፊደል ሁለት ሦስት ጊዜ ይደረባል። በጣት ቢዳሰስ ከፍታው ይታወቃል። ታፔላው አቧራ ጠጣ፣ ጥግ ጥጉ ዛገ፣ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ይነበብ ነበር።

ቤቱ ለመንገድ ፈረሰና ጋሼ አዲስ ሕንፃ ሥር ገቡ። አዲስ ሕንፃ አዲስ ታፔላ ይፈልጋል። ልጃቸው፣ «አባዬ፣ አሁን እኮ የሚጻፍ የለም፤ ይታተማል» ብሎ ማተሚያ ቤት ወሰዳቸው። ጁስ ቤቷን የምትከፍተው ወጣትም በዚያው ሳምንት እዚያው ማተሚያ ቤት ሄዳለች። ልብ በሉልኝ፤ ማሽኑ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ስቲከሩ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ፣ የሚሰቀልበት ግድግዳም አንድ ነው። ሁለቱን የለያቸው የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው።

የማተሚያ ቤቷ ልጅ የጋሼን ሥዕል በኮምፒውተሯ ላይ አሳየቻቸው። ስሙ በትልልቅ ቀይ ፊደል፣ ዙሪያው በጥቁር መስመር ተከቧል። በስተቀኝ በኩል ዳቢቱና ሽንጡ፣ ከላይ ነጭ ሻኛ፣ ከጎኑ የአዋዜ ሳህን። ሥጋው አሁን የተቆረጠ ይመስላል። ጋሼ ፈገግ አሉ። ካሬው ስንት እንደሆነ ተነጋገሩ፣ ተስማሙ። ከዚያ ልጅቷ ጠየቀች።

«ላሚኔት ይደረግ ጋሼ?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?»

«ከላይ የሚለጠፍ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው።»

«ስቲከሩ ራሱ ፕላስቲክ አይደለም እንዴ? ውኃ ያስገባል?»

«አያስገባም።»

«ቀለሙስ ዝናብ ሲመታው ይለቃል?»

«አይለቅም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምኑ ነው የምከፍለው?»

«ለፀሐዩ ነው።»

«ፀሐይ? ኧረ ልጄ! አዲስ አበባ እኮ ነን፤ አፋር ወርደን አይደለም።»

ላሚኔሽኑ ቀረ። ጁስ ቤቷ ግን አስደረገች። ታፔላዎቹ በመስከረም፣ ለመስቀል ሰሞን ተሰቀሉ። በያጁ የብረት ፍሬሙን ሠራ፣ ላሜራው ተመታ፣ ስቲከሩ ተለጠፈ፣ ሰፈሩ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። ጎን ለጎን ሲታዩ የጋሼው እንዲያውም ይበልጥ ደምቆ ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ ላድርግና ስለ አዲስ አበባ ፀሐይ ልንገራችሁ። ጋሼ የተናገሩትን እኮ ሁላችንም እንናገረዋለን። ብርዱ አታሎናል። ቆዳችን የሚያውቀው ሙቀትን ነው፤ ቀለም የሚገድለው ግን ሌላ ነው። ከፀሐይ ከሚመጣው ብርሃን ዓይናችን የማያየው ክፍል አለ፤ ከ400 ናኖሜትር በታች ያለው፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው። ይህ ጨረር የሚመጣው በአየር ውስጥ አልፎ ነው፤ አየሩ በሳሳ ቁጥር ብዙው ይደርሳል። በግምት ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። እንግዲህ አስሉት። ጋቢ ደርበን በምንቀመጥበት ጠዋት ታፔላችን ላይ የሚያርፈው ጨረር፣ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያርፈው ይበልጣል።

አቅጣጫም አለ። የጋሼና የጁስ ቤቷ ግድግዳ ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ ወደ ቃሊቲ የሚያይ ነው፤ ፊቱ ደቡብ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ በነሐሴ ማብቂያ። ክረምቱን በሙሉ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ በደቡብ በኩል ናት፤ ያ ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው በጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ የዓመቱን ደረቅ ፀሐይ ለብቻው ይጠጣል። በመስከረም የተሰቀለ ታፔላ የመጀመሪያ ዕድሜው በዚህ ፀሐይ ውስጥ ያልፋል።

አሁን ወደ ጋሼ እንመለስ።

ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ አለፈ። ማንም ምንም አላየም። በየቀኑ የምናየው ነገር ሲለወጥ አናውቅም። ጥር ላይ የአዋዜው ሳህን ፈዘዝ አለ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ተዘጋ። በሩ ተቆልፎ፣ ሰው ሳያየው፣ ታፔላው ብቻውን ፀሐይ ላይ ቆየ። ለፋሲካ ሲከፈት ደንበኞች ገቡ፣ በሉ፣ ጠጡ፤ አንድ ሁለት ሰው «ጋሼ፣ ታፔላው ነጣ ያለ አይመስልም?» አለ። በዓል ነውና ነገሩ አለፈ።

በሁለተኛው ፋሲካ ግን የሚካድ አልነበረም። ዳቢቱ ሰማያዊ ሆኗል። ሽንጡ ሰማያዊ ሆኗል። ቀዩ ስም ጠፍቶ የፊደሎቹ ዙሪያ ጥቁር መስመር ብቻ ቀርቷል፤ ውስጣቸው ባዶ። እንግዳ ሰው ከመንገድ ማዶ ቆሞ ቢያይ ሥጋ ቤት ነው አይልም። ሰማያዊ ሥጋ የሚያሳይ ቤት ሰው በምን ልቡ ይገባል? ጋሼ ሥጋቸው ያው ነው፤ ከብቱን ራሳቸው አይተው የሚመርጡ፣ ቢላዋቸው የሚታመን ሰው ናቸው። ታፔላቸው ግን በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ እሳቸው ክፉ ይናገር ነበር። ይህ ነው የሚያሳዝነኝ። ሰው ዕድሜውን ያፈሰሰበትን ስም እንዲህ ያለ ነገር ሲያዋርደው ማየት ደስ አይልም።

ለምን ሰማያዊ ሆነ? ማሽኑ በአራት ቀለም ነው የሚያትመው፤ ሲያን የሚሉት ሰማያዊ፣ ማጄንታ የሚሉት ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫ እና ጥቁር። ቀይ የሚባል ቀለም በማሽኑ ውስጥ የለም፤ ማጄንታና ቢጫ ተደራርበው ነው ቀይ የሚሆኑት። አረንጓዴውም ሲያንና ቢጫ ነው። ታዲያ አራቱ ቀለሞች ለፀሐይ እኩል አይጸኑም። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት ቢጫውና ማጄንታው ናቸው፤ ጨረሩ የቀለሙን ሞለኪውል ያገናኘውን ሰንሰለት ይበጥሰዋል፣ አየርና እርጥበት ያግዙታል፣ ቀለሙ ቀለም መሆኑ ይቀራል። ሲያኑና ጥቁሩ ይቀራሉ። በሥጋው ፎቶ ጥላ ጥላው ላይ ትንሽ ሲያን ነበረ፤ ሌላው ሁሉ ሲሄድ እሱ ብቻውን ቀረና ሥጋውን ሰማያዊ አደረገው።

ስለዚያ የማይሞት ሰማያዊ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1928 በስኮትላንድ፣ ግሬንጅማውዝ በምትባል ከተማ፣ አንድ የቀለም ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች ነጭ መሆን ያለበት ኬሚካል ሲያዘጋጁ ሰማያዊ ነገር ተቀላቅሎበት አገኙ። ምክንያቱ ሲፈለግ የጋኑ የውስጥ ሽፋን ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ከፈላው ኬሚካል ጋር ተገናኝቶ ያ ሰማያዊ ተወልዷል። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ ይደፋው ነበር፤ እነሱ ግን መረመሩት። በብረቱ ፋንታ መዳብ መሐሉ ሲገባ ዛሬ ፍታሎሲያኒን የሚባለው ሰማያዊ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ለገበያ ቀረበ። አሁን በዓለም ላይ ያለ የማተሚያ ሰማያዊ ከሞላ ጎደል እሱ ነው። ፀሐይን በመቋቋም ከአራቱ መሐል የሚደርስበት ጥቁሩ ብቻ ነው።

ጥቁሩን ደግሞ እኛም ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን። የማተሚያው ጥቁር መሠረቱ ካርቦን ነው፤ አባቶቻችን ከማሰሮ ቂጥና ከመብራት የሰበሰቡት ጥላሸትም ካርቦን ነው። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ብራናቸው ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ መዘጋጀቱ ታውቋል፤ ዛሬም ይነበባሉ። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ቅዱሳን ስሞች የሚጻፉበት ቀይ ቀለምም ለዘመናት ቆይቷል፤ እሱ ግን የቆየው መጽሐፉ ተዘግቶ፣ በማኅደር ገብቶ፣ ከፀሐይ ተጠብቆ ስለኖረ ነው። ያንኑ ገጽ ገልጣችሁ ደቡብ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉት ዕድሜው እንዲያ አይሆንም።

የጁስ ቤቷስ ታፔላ? እሷ የመረጠችው ሥዕል ከጋሼው የባሰ ለፀሐይ የተጋለጠ ነበር፤ ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፤ ሁሉም ቢጫና ማጄንታ። በሁለተኛው ፋሲካ ማንጎው ማንጎ ነበር። ትንሽ ፈዟል፣ አልዋሽም፤ ግን ጭማቂ ያሰኛል። ከላይ ያለው ላሚኔሽን የ1 ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ለውጭ በሚሠራው ውስጥ ግን አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚውጥ ንጥረ ነገር ተቀምሟል። ጨረሩ መጀመሪያ እሱን ያገኛል፤ ብዙው እዚያው ይቀራል። ሙሉ በሙሉ አያቆመውም፤ የሚታየው ብርሃን ራሱ ቀስ በቀስ ቀለም ይጎዳል። ጊዜውን ግን ያራዝመዋል። ሌላም አለ፤ የአዲስ አበባ አቧራና የመኪና ጭስ ታፔላ ላይ ይለጠፋል፣ ይጠረጋል። የጋሼ ሠራተኛ በየቅዳሜው ኦሞና በረኪና በጨርቅ እያደረገ ይፈትገው ነበር። አቧራው ደቃቅ አሸዋ ነው፤ የጋሼን ቀለም በየሳምንቱ ይልጠዋል፣ የጁስ ቤቷን ግን ላሚኔሽኑን ብቻ ይነካል።

እስካሁን የነገርኳችሁ የንግድ ነገር ነው፤ ሥጋ ቤት ቢከስር ከስሮ ይነሣል። ያስቆጣኝ ሌላው ነው። ይህን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ በየመንገዱ የታተሙ ማስጠንቀቂያዎችን ማየት ጀመርኩ። የኤሌክትሪክ ሳጥን ላይ «አደጋ» የሚለው ቃል ምን ዓይነት ቀለም ነው? ቀይ። የተቆፈረ ጉድጓድ ዙሪያ፣ የጋዝ መጋዘን በር ላይ፣ ሕፃናት በሚያልፉበት ግንባታ አጥር ላይ፣ ዋናው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ማብራሪያው ጥቁር። ቀዩ ሲሄድ ምን እንደሚቀር አስቡት። «ኃይል ያለው መስመር» የሚለው ትንሹ ጥቁር ጽሑፍ ይቀራል፤ ሰው ከሩቅ አይቶ እንዲቆም የሚያደርገው ቃል ግን ነጭ ቦታ ሆኗል። ማንበብ የማይችል ሕፃን የሚያውቀው ቀዩን ሦስት ማዕዘን ነው፤ እሱም የለም። ታፔላው ተሰቅሏል ተብሎ በሪፖርት ተጽፏል፣ ተሰቅሎም አለ፤ ማንንም ግን አያስጠነቅቅም። እንዲህ ያለ ምልክት የሚያሳትም ሰው ከላሚኔሽን ላይ ገንዘብ ሲቆጥብ የሚቆጥበው ከማን ላይ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል። ቢቻል ደግሞ «አደጋ» የሚለውን ቃል በጥቁር ጻፉት፤ ቀዩ መደቡ ይሁን። መደቡ ቢነጣ ቃሉ ይተርፋል።

እንቀጥል። ጋሼ ሰማያዊውን ሥጋ ካዩ በኋላ ለዚያው ፋሲካ አራት ቀን ሲቀር ማተሚያ ቤት ሄዱ። ልጅቷ አወቀቻቸው፤ ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠቻቸው። ስለ ያለፈው አንድ ቃል አልተናገረችም።

«ልጄ፣ ያን ፕላስቲክ አሁን ላዩ ላይ ለጥፊልኝ።»

«ጋሼ፣ አሁን ብለጥፈው የሚጠብቀው ይህን የነጣውን ነው። የሄደውን ቀለም አይመልሰውም። እንደ አዲስ ይታተም።»

ተስማሙ። ታተመ። ጋሼ ማሽኑ አጠገብ ቆመው ዳቢቱ እንደገና ቀይ ሆኖ ሲወጣ አዩ። «በይ እንግዲህ ለጥፊውና ይዤው ልሂድ» አሉ። ልጅቷ እምቢ አለች።

«ዛሬ አይሆንም ጋሼ። ቀለሙ ሶልቬንት አለው። ሽታው ይሰማዎታል አይደል? ያ ሽታ ከቀለሙ እየወጣ ነው። ሳይወጣ ብዘጋበት ከውስጥ ሆኖ ሙጫውን ያለሰልሰዋል። ከሳምንት በኋላ አረፋ ያወጣል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል። ነገ ማታ ይምጡ፤ ከነገ ወዲያ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።»

ጋሼ ሥጋ ሳይረጋ እንደማይቆረጥ የሚያውቁ ሰው ናቸውና ይህ ገባቸው። ሥራ በጥድፊያ የሚያበላሽ ብዙ ነው፤ ደንበኛ ይጮኻል፣ ባለማሽኑ ይለጥፋል፣ ሁለቱም ኋላ ይካሰሳሉ። ልጅቷ ግን ጸንታ ቆመች፤ ይህን አከብርላታለሁ። ሶልቬንት ቀለም ተዘርግቶ፣ አየር እያገኘ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከተቻለ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ጥቅልል ሆኖ ጥግ ላይ ቢቆም ግን ከውስጥ አይደርቅም። ሌቴክስ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ቀለም ማሽኑ ውስጥ በሙቀት ደርቆ ስለሚወጣ ይህን ያህል አያስጠብቅም።

እየጠበቁ ሳለ ስለ ፕላስቲኩ ዓይነት አስረዳቻቸው። ሁሉም ላሚኔሽን አንድ አይደለም። ርካሹ በትልልቅ የጋሉ ብረቶች መሐል ተጨፍልቆ፣ ተስቦ የሚሠራ ነው። በኃይል የተሳበ ነገር ወደ ነበረበት መመለስ ይፈልጋል፤ ፀሐይ ስታሞቀው ይሰበሰባል፣ ጠርዙ ይሸሻል። ለስላሳ ያደረገው ዘይትም በዓመታት ውስጥ ይወጣና እንደ ድርቆሽ እንጀራ ሲነኩት ይሰባበራል። ካስት የሚባለው ግን ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ፣ በምድጃ ደርቆ የሚሠራ ነው፤ ስላልተሳበ አይሰበሰብም። ውፍረቱ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ቢሆንም ብዙ ይቆያል። ዋጋው ግን በጣም ይለያል። በመሐል ፖሊሜሪክ የሚባል አለ፤ እሱም በመጨፍለቅ ይሠራል፣ ግን የተሻለ ነው። አምራቾች በጥቅሉ ለርካሹ 2 ወይም 3 ዓመት፣ ለመሐለኛው 5 እስከ 7፣ ለካስቱ ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። ይህ ቁጥር ግን ቀጥ ብሎ ለቆመ ታፔላ፣ ለመካከለኛ አየር ንብረት የተሰላ ነው። ጣሪያ ላይ የተጋደመ ወይም ወደ ሰማይ የዞረ ምልክት ከዚያ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ያንሳል። በተራራ ላይ ላለች ከተማም ቁጥሩን ቀነስ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

«አንድ ነገር ደግሞ» አለች፣ «ከታች ያለው ስቲከርና ከላይ ያለው ላሚኔሽን አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ካልተሰበሰበ ይጣላሉ፤ ጥግ ጥጉን አንሥተው ይወጣሉ።»

ጋሼ መሐለኛውን መረጡ፤ ለሁለቱም። ማት የሚሉትን፣ የማያብለጨልጨውን አስደረጉ፤ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር በቀትር አይነበብም። ስቲከሩ ሲለጠፍ ከላሜራው ጠርዝ ላይ እንዳይቆረጥና ትርፉ ወደ ኋላ እንዲታጠፍ፣ ማዕዘኖቹም ክብ እንዲሆኑ አዘዘች። ውኃና አቧራ መግቢያ የሚፈልጉት በተቆረጠ ጠርዝ ነው።

ስለ ላሚኔሽን ሲነሣ የወረቀቱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በሙቀት የሚደረገው ላሚኔሽን ሌላ ነው። የኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ ወይም የዕድር ጥሪ በእሱ ታሽጎ አጥር ላይ በምስማር ይመታል፤ በመጀመሪያው ዝናብ ከምስማሩ ዙሪያ ጀምሮ ያብጣል። ፕላስቲኩ አልተበላሸም። ምስማሩ ወረቀቱን ስለበሳው ወረቀቱ ውኃውን ጠጣ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ከፕላስቲኩ በአራቱም ጎን አነስ ይበል፣ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር የተጣበቀ ባዶ ጠርዝ ይተው፣ ምስማሩም ሽቦውም በዚያ ባዶ ጠርዝ ይለፍ። ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከጨረር አይከላከልም፤ ስለዚህ በሌዘር ማሽን በጥቁር የታተመው ይቆያል፣ በቀለም የታተመው ታሽጎም ይነጣል።

የልደት ሰርተፍኬታችሁን፣ ዲፕሎማችሁን፣ የቤት ካርታችሁን ግን እባካችሁ አታሳሽጉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ዊልያም ባሮው የሚባል የሰነድ ጠጋኝ ብዙ ጥንታዊ ወረቀቶችን በፕላስቲክና በሙቀት እያሸገ አዳነ ተብሎ ተመስግኖ ነበር። ዘመን ሲያልፍ የመዛግብት ባለሙያዎች ያንን ሥራ ተዉት፤ ፕላስቲኩ ራሱ ሲያረጅ ወረቀቱን ይጎዳል፣ ማውጣቱም እጅግ ከባድ ነው። ታፔላ ቢበላሽ እንደገና ይታተማል። ዋናው ሰነድ እንደገና አይታተምም። ኮፒውን አሳሽጉት፣ ዋናውን በንጹሕ ፖስታ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት።

ታፔላው በበዓሉ ዋዜማ ተሰቀለ። ከመሰቀሉ በፊት ልጅቷ በማርከር ከላሜራው ጀርባ ላይ ጻፈችበት፤ የታተመበትን ቀን፣ የስቲከሩን ዓይነት፣ የላሚኔሽኑን ዓይነት። ጋሼ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁ። «ከዓመታት በኋላ ሲነጣ ምን እንደነበረ እንድናውቅ ነው» አለች፤ «ምን ያህል እንደቆየ ካላወቅን በሚቀጥለው ምን እንደምናደርግ አናውቅም።» ለሠራተኛውም በረኪናው ይቅር፣ በለስላሳ ጨርቅና በቀጭን ሳሙና ውኃ ከላይ ወደ ታች ብቻ ጥረግ ብላ ነገረችው።

የጋሼ ወንድም ድሬዳዋ ሥጋ ቤት አለው። ለበዓል መጥቶ ታፔላውን አየና «ለእኔም ይኸንኑ አሠሩልኝ» አለ። ጋሼ ማተሚያ ቤት ይዘውት ሄዱ። ልጅቷ ግን አሁንም «ይኸው አይሆንም» አለች። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ጨረሩ ከአዲስ አበባ ያነሰ ነው፣ ሙቀቱ ግን ላሜራውን እጅ እስኪያቃጥል ያግለዋል። እዚያ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ፕላስቲኩና ሙጫውም ይፈተናሉ፤ የሚሰበሰብ ፕላስቲክ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሰበሰባል። ስለዚህ ለወንድምየው ከላይም ከታችም ካስት ተመረጠ። ዋጋው ሲነገረው ዝም አለ፤ ወደ ጋሼ ዞረ።

«ክፈል» አሉት ጋሼ። «ሁለት ጊዜ ከማሳተም ይሻላል።»

ሲላክ የታተመው ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ በወፍራም ካርቶን ቱቦ ላይ ተጠቀለለ፤ ወደ ውስጥ ቢጠቀለል ላሚኔሽኑ እየተሸበሸበ ይላቀቃል። ለሚለጥፈው ሰው የሚሰጥ ወረቀትም አብሮ ሄደ፤ ላሜራውን በአልኮል ጥረግ፣ ፀሐይ ከማጋሏ በፊት በማለዳ ለጥፍ፣ በጋለ ብረት ላይ ሙጫው ወዲያው ስለሚይዝ ማስተካከያ ጊዜ አይኖርህም፣ ከመሐል ጀምረህ ወደ ዳር አየሩን እያስወጣህ ሂድ። ወንድምየው ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ቱቦውን በትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አውቶቡስ ተራ ወረደ።